የፓወርሊፍቲንግ ክበብ የ2018 ዓ.ም. ዘገባ፦ ከመስታወት ፊት ወደ ዳኛ ፊት

የትምህርት ቤታችንን ክበብ ስም የሚሰማ ሰው ሁሉ የኦሊምፒኩ ክብደት ማንሳት ይመስለዋል። አይደለም። እነዚያ ብረቱን ከራስ በላይ ያነሳሉ፤ የእኛ ስፖርት ሦስት ነገር ብቻ ነው። ስኳት፣ ብረቱን በትከሻ ተሸክሞ ቁጢጥ ብሎ መነሳት፤ ቤንች ፕሬስ፣ በጀርባ ተኝቶ ከደረት ወደ ላይ መግፋት፤ ዴድሊፍት፣ ከመሬት አንስቶ ቀጥ ብሎ መቆም። ተወዳዳሪው በእያንዳንዱ ሦስት ሙከራ ይሰጠዋል፤ የሦስቱም ምርጥ ይደመርለታል።

ክበባችን ላለፉት ሁለት ዓመታት ወደ ውድድር አልሄደም። ልጆቹ ግን ብረት አልተዉም፤ በየሰፈራቸው ስፖርት ቤት ሰውነት ሲሠሩ ቆይተዋል። መስከረም ላይ ይዘውት የመጡት ፕሮግራም ሰኞ ደረት፣ ማክሰኞ ጀርባ፣ ሐሙስ እግር፣ ዓርብ ትከሻና ክንድ ይላል። ሁሉም ከ8 እስከ 12 ድግግሞሽ፣ በየዙሩ መካከል አንድ ደቂቃ እረፍት። የሐሙሱ እግር በልዩ ልዩ ምክንያት ሲታጠፍ እንደነበር ከሱሪያቸው ስፋት መገመት ይቻል ነበር።

ይህን ፕሮግራም ቀድዳችሁ ጣሉት ያሉን ነበሩ። እኔ አልተስማማሁም። ጡንቻ የኃይል ጥሬ ዕቃ ነው፤ ሁለት ዓመት የተደከመበትን ነገር መጣል ብክነት ነው። የጎደለው ሌላ ነው። ሰውነት ያለውን ጡንቻ በአንድ ቅጽበት አስተባብሮ ማዘዝን የሚለምደው በከባድ ክብደትና በጥቂት ድግግሞሽ ነው፤ ያንኑ የውድድሩን እንቅስቃሴ ደጋግሞ በመሥራትም ነው። ስለዚህ አራቱን ቀናት እንዳሉ ትተን የየቀኑን መክፈቻ ለወጥን። ሰኞ በቤንች ፕሬስ፣ ማክሰኞ በዴድሊፍት፣ ሐሙስ በስኳት ይጀመራል፤ ዓርብ ደግሞ ቀለል ያለ ቤንች ፕሬስ፣ ብረቱን ደረት ላይ አሳርፎ በመቆየት። የቀረው የድሮው ሥራ ከኋላ በረዳትነት ይከተላል። አምስት ዓይነት የነበረው የክንድ ሥራ ወደ አንድ ወረደ። የዓመቱ ትልቁ ክርክር የተነሣው በዚህ ነው፤ ዳኛ የክንድ ውፍረት እንደማይለካ ለማሳመን ከጥቅምት እስከ ኅዳር ፈጅቶብኛል።

መነሻ ክብደቱን ያወጣነው በስሌት ነው፤ የሒሳብ መምህር የሚመራው ክበብ ሌላ ምን ያደርጋል? ታዳጊን ከፍተኛ አቅሙን እስኪወድቅ ድረስ መፈተን አልወድም። ልጁ ያነሳውን ኪሎ፣ ድግግሞሹን ለ30 አካፍሎ 1 በመደመር በሚገኘው ቁጥር ማባዛት በቂ ነው። 80 ኪሎ ስምንት ጊዜ የሠራ ልጅ አንድ ጊዜ የሚያነሳው 101 ኪሎ ገደማ ይሆናል። እስከ ኅዳር መጨረሻ በዚህ ግምት 70 በመቶ ላይ በስምንት ድግግሞሽ ቆየን፤ ታኅሣሥና ጥር በ80 በመቶ አምስት፤ ከፋሲካ በኋላ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ። እረፍቱም ከአንድ ደቂቃ ወደ ሦስትና አራት አደገ። ያለን ዘንግ አንድ በመሆኑ ተራ ሲጠብቁ እረፍቱ ራሱ ይሞላል፤ ድህነት አንዳንዴ ሰዓት ቆጣሪ ይሆናል።

ስሌት ግን ትክክለኛ ኪሎ ይፈልጋል። ክብደቶቻችን በቆርቆሮ የተሞላ ሲሚንቶ ናቸው፤ በላያቸው «20» ተብሎ በቀለም ተጽፏል። በባጃጅ ጭነን አንድ ቡና መጋዘን ባስኩላ ላይ ወሰድናቸው። መዛኙ ሽማግሌ «መምህር፣ ቡና ነው እንጂ ሲሚንቶ መዝኜ አላውቅም» እያሉ መዘኑልን። አንዱ «20» 22 ኪሎ ተኩል፣ ጓደኛው 18 ሆኖ ተገኘ። አንደኛው ልጅ ብረቱ ሁልጊዜ ወደ ግራ የሚጎትተው ለምን እንደሆነ ያን ዕለት ገባው። ከዚያ በኋላ እውነተኛው ኪሎ በነጭ ቀለም ተጻፈ።

የካቲት ላይ ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ገቡ። በጅማ ትምህርት ቤት ይህ የጥቂቶች ጉዳይ አይደለም፤ ክበቡ በሙሉ ጾመኛ ነበር። ኪሎውን ሳንቀንስ ዙሩን በግማሽ ቀነስን፤ የተገነባ ኃይል ከባድ ነገር እስካልራቀው ድረስ በትንሽ ሥራ ይቆያል። ልምምዱን ወደ 11 ሰዓት አዞርነው፤ አንዱ ከልምምድ ወጥቶ ወደ ኢፍጣሩ፣ ሌላው ወደ ሽሮውና ምስሩ። ስለ ዱቄት ፕሮቲን ለጠየቁኝ ሁሉ መልሴ ባቄላ ነው።

የክበቡ ጸሐፊ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ስትሆን የልምምድ ዳኛችንም እሷ ነበረች። ከስኳቱ ጎን በርጩማ ላይ ተቀምጣ የዳሌው እጥፋት ከጉልበቱ አናት በታች ካልወረደ ቀዩን ካርቶን ታነሳለች፤ ልመናም አይሠራም። በቤንች ፕሬስ ብረቱ ደረት ላይ ጸጥ እስኪል ጠብቃ ነው «ፕሬስ» የምትለው። በሚያዝያ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ትዕዛዟ ስለማይሰማ ልጆቹ ቸኩለው ይገፋሉ፤ ቀይ።

ግንቦት ላይ የከተማው ስፖርት ቤቶች ባዘጋጁት ውድድር ሦስት ልጆች አሰለፍን። 68 ኪሎ የሚመዝነው የ12ኛ ክፍል ተማሪያችን ወደ 66 ኪሎ ምድብ ለመውረድ ጃኬት ደርቦ መሮጥ ጀምሮ ነበር፤ ከለከልሁት፤ ከፍ ባለው በ74 ኪሎ ምድብ ተወዳደረ። የመጨረሻውን ሳምንት በቀላል ሥራ አሳለፈና ስኳቱን በ100 ከፍቶ በ110 ዘጋ። በቤንች ፕሬስ ሁለተኛ ሙከራው ከትዕዛዝ በፊት በመግፋቱ ተሰረዘ፤ ጸሐፊያችን ከተመልካች መካከል ሆና ከዳኞቹ ቀድማ ራሷን ነቀነቀች። ሦስተኛውን 72.5 ገፋ፤ ዴድሊፍቱ 140። ድምሩ 322.5 ኪሎ ሆኖ ከምድቡ ሦስተኛ ወጣ። ሁለቱ ታናናሾች ደረጃ ባያገኙም ስኳታቸው አንድም ቀይ አልታየበትም።

በክረምቱ ወደ 8 እና 12 ድግግሞሽ ይመለሳሉ፤ የክንዱም ሥራ ወደ ሁለት ከፍ እንዲል ተስማምቻለሁ። ዘንጋችን መሃሉ ላይ ጎብጧል፤ የወላጅና መምህራን ኅብረት ለመጪው ዓመት አንድ ባለ 20 ኪሎ ዘንግና የስኳት ማቆሚያ እንዲያስብልን በደብዳቤ ጠይቀናል። የአዲስ አባላት ምዝገባ በመስከረም ሁለተኛ ሳምንት ነው፤ የወላጅ ፈቃድ ያለበት ወረቀት ሳይዝ የሚመጣ አይመዘገብም።