ለአራት ኪሎዋ ጉጉት መብረሪያ ቤት እንሥራላት

ውድ የአራት ኪሎና የአካባቢው ነዋሪዎች፣

በሥላሴ ካቴድራል አካባቢ ከአንድ ጽድ ሥር ክንፏ ተሰብሮ የተገኘችው ጉጉት በሕይወት አለች። አጥንቷም ገጥሟል። የቀራት መብረር ነው፤ ለዚያ ደግሞ የእናንተ እጅ ያስፈልገናል።

ነገሩን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። ልጆች በድንጋይ መትተዋት ነው። በልጆቹ አልፈርድም። ጉጉት ጣሪያ ላይ ከጮኸች ሰው ይሞታል ሲባል እየሰሙ ነው ያደጉት፤ ያልናቸውም እኛው ነን። ይቺኛዋ ፊቷ ነጭ፣ የልብ ቅርጽ ያለው ዓይነት ነች። ጩኸቷ ጨርቅ ሲቀደድ ይመስላል። ሌሊት ለሰማው ያስደነግጣል፣ እውነት ነው። ግን ያ የእሷ ቋንቋ ነው፤ ጓደኛዋን ትጠራበታለች፣ ክልሏን ታስከብርበታለች። ሥራዋ ደግሞ አይጥ ማደን ነው። በአንድ ሌሊት ሦስት አራት ትበላለች፤ ጫጩት ሲኖራት ከዚያም በላይ ታድናለች። አንዱ ጆሮዋ ከሌላው ከፍ ብሎ የተቀመጠ ስለሆነ ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ እንኳ ኮሽታውን ሰምታ ብቻ ትይዛለች። በየጓዳችን መርዝ ከምንበትን እንዲህ ያለችውን ጎረቤት ብንጠብቅ ይሻለናል።

ክንፏ ላይ ጎን ለጎን ካሉት ሁለት ረጃጅም አጥንቶች የተሰበረው አንዱ ነው። ደህናው አጥንት የተሰበረውን ደግፎ ያዘላት። የእንስሳት ሐኪሟ ክንፉን ከገላዋ ጋር በፋሻ አሰረችላትና ጨለም ባለ ካርቶን ውስጥ አሳረፈቻት። የወፍ አጥንት ቶሎ ነው የሚገጥመው። ያስቸገረን ምግቧ ነበር። ጥሬ ሥጋ ብቻ ቢሰጣት አጥንቷ ይደክማል፤ አይጡን ከነአጥንቱ፣ ከነጸጉሩ መዋጥ አለባት። ከዚያ ያልተፈጨውን ጸጉርና አጥንት ጠቅልላ ትተፋዋለች። የመጀመሪያዋን ጥቁር እንክብል ካርቶኑ ጥግ ላይ ስናገኝ እልል ነው ያልነው። ሆዷ በደንብ መሥራት ጀመረ ማለት ነዋ!

አሁን ግን ጡንቻዋ ዝሏል። እንዲሁ ብንለቃት ማደን አቅቷት በረሃብ ትሞታለች። ከዳር እስከ ዳር የምትበርበት 10 ሜትር የሚረዝም ቤት ያስፈልጋታል። አጣናና ቆርቆሮው አለን። የጎደለን ለግድግዳው ቁም ለቁም የሚመታ ጣውላ ነው። ሽቦ ላባዋን ስለሚቆራርጥ አይሆንም። በማረፊያ እንጨቶቿ ላይ የሚጠመጠም ገመድ፣ የሕክምና ክትትልና ምግብ ሲጨመር 60,000 ብር ይፈጃል። ቤቱ ለወደፊትም ለሌላ የተጎዳ ወፍ ይሆናል።

ጊዜው አጭር ነው። የጉጉት ላባ ዝናብ አይችልም፤ ሰኔ ሳይገባ መለቀቅ አለባት። ቤቱ በሚያዝያ ካላለቀ አንደርስም።

ልያት የምትሉ እባካችሁ አትቀየሙን። ሰው መፍራት ከተወች ውጭ ወጥታ አትተርፍም። የምትለቀቅበትን ምሽት እንነግራችኋለን፤ ያኔ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ራቅ ብላችሁ ታዩዋታላችሁ።

ገንዘብ፣ ጣውላ ወይም የአናጺ ሙያ ያላችሁ ቅዳሜና እሑድ ጠዋት ከ3 እስከ 6 ሰዓት ወደ እድራችን ቤት ጎራ በሉ። የምንቀበለው በደረሰኝ ነው፤ እያንዳንዱ ወጪም ሰሌዳው ላይ ይለጠፋል። በወጥመድ የያዛችሁት አይጥ ካለ እሱንም አምጡልን። በመርዝ የሞተ ግን በፍጹም እንዳታመጡ፣ እሷንም ይገድላታል።