ለወገብ ሕመምተኛም ብስክሌት አለ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ከአገር ቤት ስለሚመጡ ወላጆቻችን ጤና ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ነገር ግን ወገቡን የሚያመውና መውደቅ የሚፈራ ሰው ብስክሌትን ይርሳው የሚለው ምክር ልክ አይደለም። ጋደም ብለው የሚነዱት ሪከምበንት የሚባል ብስክሌት አለ፤ ቤተሰባችን በሙሉ የሚነዳው እሱን ነው።

መቀመጫው ጀርባ ያለው ወንበር ነው፣ ፔዳሉ ደግሞ ከፊት። እናቴ የምትነዳው ባለሦስት ጎማውን ስለሆነ ሚዛን መጠበቅ አይጠበቅባትም፤ ብስክሌቱን አቁማ ብታወራም አይወድቅም። በፍጥነት መታጠፍ ግን ክልክል ነው፣ ይገለበጣል። ልጃችን ከአባቱ ጋር ታንደም በሚባለው የሁለት ሰው ብስክሌት ላይ ነው። እሱ ከፊት ጋደም ብሎ ፔዳል ይመታል፣ አባቱ ከኋላ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ መሪውን ይይዛል። ጭንቅላታቸው ስለሚቀራረብ መንገዱን ሙሉ ወሬ ነው።

የምንሄደው ቨርጂኒያ ውስጥ ከአርሊንግተን እስከ ፐርሰልቪል 45 ማይል በሚዘረጋው ደብልዩ ኤንድ ኦ ዲ (W&OD) በሚባለው የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ነው። ድሮ የባቡር ሐዲድ ስለነበር ዳገቱ ለስላሳ ነው። ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው፤ በዚህ ብስክሌት ተነስቶ ፔዳሉን መርገጥ ስለማይቻል ዳገት ላይ ያዘግማል። ማርሹን ሳያቀሉ መግፋት ጉልበት ይጎዳል።

«የበሽተኛ ጋሪ ነው» የሚሉ ወገኖች አሉ፤ እናቴም ሰምታ አዝናለች። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1933 ፓሪስ ላይ ፈረንሳዊው ብስክሌተኛ ፍራንሲስ ፎር በዚህ ዓይነት ብስክሌት በአንድ ሰዓት ከ45 ኪሎ ሜትር በላይ ነድቶ ከ1914 ጀምሮ የቆየውን ክብረ ወሰን ሰብሯል። በማግስቱ ዓመት ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ይህን ዓይነቱን ብስክሌት ከውድድር አገደው። የፎርን ብስክሌት የሠራው ሻርል ሞሼም ወደዚህ ሐሳብ የመጣው ለልጁ ባለአራት ጎማ የፔዳል መኪና ከሠራ በኋላ ነበር።

ዋጋው ውድ ነው፤ አዲስ ባለሦስት ጎማ በሺዎች ዶላር ይቆጠራል። ያገለገለ ፈልጉ፣ ከመግዛታችሁ በፊትም ወላጆቻችሁ ራሳቸው ተቀምጠው ይሞክሩት። እግርን ከፔዳሉ ጋር የሚይዝ ማሰሪያ የግድ ነው፤ እግር ተንሸራቶ መሬት ከነካ ብስክሌቱ ወደ ሥር ጎትቶ ሊሰብረው ይችላል። ዝቅ ስለሚል ለመኪና የሚታይ ረጅም ባንዲራ ይተከልበት። እናቶች ነጠላቸውን አጣጥፈው ከኋላ ቦርሳ ውስጥ ያስቀምጡ፣ መቀመጫው ጎማው አጠገብ ስለሆነ ነጠላው ሊጠመጠም ይችላል።

በሚቀጥለው ጽሑፋችሁ ይህንንም አማራጭ ብታነሱልን፣ አፓርታማ ውስጥ ተዘግተው ለሚውሉት ወላጆች ትልቅ ውለታ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የአሌክሳንድሪያ ነዋሪ፣ ቨርጂኒያ