«ሮሙለስ» የሌለበት የሱፍጃን ስቲቨንስ ምርጫ

ይድረስ ለጋዜጣው የጥበብ ዓምድ አዘጋጅ፣

የአሜሪካዊውን የኢንዲ ፎክ (ከትልልቅ የሙዚቃ አሳታሚዎች ውጭ የሚሠራ፣ የሕዝብ ዘፈን ቅላጼ ያለው ሙዚቃ) ግጥምና ዜማ ደራሲ የሱፍጃን ስቲቨንስን «መታለፍ የሌለባቸው ዘፈኖች» በሚል ርእስ ያቀረባችሁትን ምርጫ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ስለዚህ ሰው በአማርኛ የሚጻፍ ነገር እምብዛም ስለማይገኝ ቦታ መስጠታችሁ ያስመሰግናችኋል። ቅር ያሰኘኝ የመረጣችሁበት መለኪያ ነው። ዝርዝሩ ብዙ ሰው ጆሮ የደረሱትን፣ ፊልም ውስጥ የገቡትንና ለሽልማት የታጩትን ሲያስቀድም፣ የደራሲው ሥራ መልኩን የቀየረባቸውን ዘፈኖች አስቀርቷል። አንድ ዘፈን መታለፍ የለበትም የሚባለው እሱን ሳይሰሙ ከእሱ በኋላ የመጡትን በሙላት መረዳት ሲያዳግት ነው ብዬ አምናለሁ። በዚህ ከተስማማን ደግሞ የመጀመሪያው ቦታ የሚገባው በዝርዝራችሁ ስሙ እንኳ ላልተነሣው ለ«ሮሙለስ» ነው።

«ሮሙለስ» ስቲቨንስ በትውልድ ግዛቱ በሚቺጋን ሰይሞ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው አልበም ውስጥ ይገኛል። ልጆቿን ትታ ስለሄደች እናት የሚተርክ ዘፈን ነው። እናትየዋ ስትደውል ልጆቹ ስልኩን እየተቀባበሉ ስለ ኦሪገን ጥቂት ቃል ይለዋወጣሉ፤ አንድ ጊዜ ሮሙለስ ወደምትባለው ከተማ ለአንድ ቀን ስትመጣ መኪናዋ ይበላሻል፣ ልጆቹም እንዳይጠገን ይጸልያሉ። አያታቸው ሆስፒታል ውስጥ ሲሞቱ ግን እሷ ደንታ የሰጣት አትመስልም፤ ክፍሏ ውስጥ ሲጋራ እያጨሰች ፀጉሯን ቀለም ትቀባለች፣ ልጁም በእናቱ ማፈሩን ይናገራል። ስቲቨንስ ይህን ሁሉ የሚለው ድምፁን ከፍ ሳያደርግ፣ ማንንም ሳይከስና ሰበብም ሳይፈልግ ነው። ካሪ የምትባለው እናቱ እሱ የአንድ ዓመት ሕፃን ሳለ ቤተሰቡን ጥላ እንደሄደች፣ ከአእምሮ ሕመምና ከመጠጥ ሱስ ጋርም ትታገል እንደነበር ደራሲው ራሱ ከዓመታት በኋላ በቃለ ምልልስ ተናግሯል። መኪናው እንዳይጠገን የጸለዩት ልጆች ግን ይህን የሚያውቁበት ዕድሜ ላይ አልነበሩም፤ ዘፈኑም እነሱ ከሚያውቁት አንዲት እርምጃ አያልፍም።

አንደኛ ያደረጋችሁት «ቺካጎ» እ.ኤ.አ. በ2005 ከወጣው «ኢሊኖይ» አልበም የተወሰደ ነው። በክርና በትንፋሽ መሣሪያዎች ብዛት፣ በመዘምራኑም ድምፅ የሚማርክ ዘፈን ስለሆነ መካተቱን አልቃወምም። (ደራሲው በማግሥቱ ዓመት በ«ዘ አቫላንሽ» አልበም የዚህኑ ዘፈን ሦስት ሌሎች ቅንብሮች ስላወጣ የትኛውን እንደመረጣችሁ ብትገልጹ መልካም ነበር።) ነገር ግን እዚያው አልበም ውስጥ «ካሲሚር ፑላስኪ ዴይ» እያለ እንዴት ታለፈ? ርእሱ በኢሊኖይ ግዛት በመጋቢት የመጀመሪያ ሰኞ የሚከበር፣ በአሜሪካ የነፃነት ጦርነት የተዋጋ የፖላንድ ተወላጅ ጄኔራል የሚታሰብበት በዓል ነው። ታሪኩ ግን በአጥንት ካንሰር ስለምትሞት ወጣት ልጅና ስለሚወዳት ጓደኛዋ ነው። ማክሰኞ ማታ በመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ላይ ይጸልዩላታል፣ ምንም አይለወጥም፤ በበዓሉ ጠዋት ትሞታለች። ዜማው እጅግ ለስላሳ ስለሆነ ግጥሙን ያልተከታተለ ሰው የፍቅር ዘፈን የሰማ ሊመስለው ይችላል፤ እንግሊዝኛው ለማይቀለው አንባቢ የግጥሙን ፍሬ ነገር በጥቂት መስመር ብታስረዱ ኖሮ ምርጫችሁ የበለጠ በጠቀመ ነበር። ስቲቨንስ ጸሎት ሳይሰማ ሲቀር አማኝ ምን እንደሚል ለመጠየቅ የደፈረው እዚህ ላይ ነው፤ አማኝነቱንም አልካደም፣ እግዚአብሔርንም ከተጠያቂነት ነፃ አላደረገም።

እናቱ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2012 በጨጓራ ካንሰር ሞተች፤ በ2015 በእሷና በእንጀራ አባቱ ስም የተሰየመው «ካሪ ኤንድ ሎዌል» ወጣ። የኦርኬስትራ ድምቀት የለበትም፤ ጊታርና በሹክሹክታ የቀረበ ድምፅ ይበዛበታል፤ ከፊሉም ሆቴል ክፍል ውስጥ በስልክ የተቀዳ ነው። በዚህ አልበም ውስጥ ያለው «ፎርዝ ኦፍ ጁላይ» የሞተችው እናትና ልጇ በወፍና በነፍሳት ስም እየተቆላመጡ የሚነጋገሩበት ነው። እናት ልጇን ፍቅር ጠግበህ አደግህ ወይ ብላ ትጠይቀዋለች፤ ትቼህ በመሄዴ ይቅር በለኝ፣ የሚሻለው እሱ ነበር፣ ልቤ ግን አልተቀበለውም ነበር ትለዋለች። «ሮሙለስ»ን ለሰማ ሰው ይህ ንግግር ከዐሥራ ሁለት ዓመት በኋላ የመጣ መልስ ነው፤ መኪናሽ አይጠገን ብለው ለጸለዩት ልጆች የተሰጠ መልስ። ያን ሳይሰማ የመጣ አድማጭ ግን አንድ የሚያምር የሐዘን ዘፈን ብቻ ይሰማል። እናንተም ዘፈኑን በስድስተኛ ደረጃ አስቀምጣችሁ «ስለ ሞት የተዘፈነ» በሚል አንድ ሐረግ አልፋችሁታል።

እዚህ ላይ ልትነሡብኝ የምትችሉበት ነጥብ አለ። የአልበሙ 10ኛ ዓመት እትም በ2025 ሲወጣ ስቲቨንስ ራሱ በዚህ ሥራው እንደሚያፍርበት፣ ስለ እናቱ ሕይወት ለመናገር ሥልጣን እንዳልነበረው ተናግሯል። ደራሲው ያፈረበትን እኛ እንዴት በቁንጮነት እናስቀምጠው? የእኔ መልስ እፍረቱ ራሱ ከዘፈኑ ውስጥ ያለ ነገር መሆኑ ነው። በሟች አፍ ይቅርታ ያስባለው ልጁ ነው፤ እናቲቱ ያን ቃል በሕይወቷ ስለመናገሯ ዘፈኑ አንዳች ማረጋገጫ አይሰጥም። ይህ ግጥሙን አያዳክመውም፤ እንዲያውም ያልተሰጠውን መልስ ራሱ ለራሱ የጻፈ ልጅ ምን ያህል እንደፈለገው ያሳያል።

ከ25 ደቂቃ በላይ የሚረዝመውን «ኢምፖሲብል ሶል»ን ማካተታችሁ ድፍረት ስለሚጠይቅ አደንቃለሁ። ዝርዝራችሁ ከ2017 ወዲህ ያለውን መዝለሉ ግን ትክክል አይመስለኝም፤ በ2023 ለሞተው የሕይወት አጋሩ መታሰቢያ ያደረገው፣ በዚያው ዓመት የወጣው አልበሙ «ጃቭሊን» ያንኑ የሐዘን ጉዳይ እንደገና በብዙ ድምፅና በመዘምራን አጅቦ የመለሰበት ነውና ቢያንስ አንድ ዘፈን ይገባው ነበር፤ ለእኔ «ዊል ኤኒባዲ ኤቨር ላቭ ሚ» ነው።

ቦታው ጠባብ ከሆነ የሚወጣውንም ልጠቁም። ለኦስካር የታጨው «ሚስትሪ ኦፍ ላቭ» ደስ የሚል ዘፈን ቢሆንም፣ በ«ካሪ ኤንድ ሎዌል» ያልሰማነውን አዲስ ነገር ስለማያስሰማ ቦታውን ለ«ሮሙለስ» ቢለቅ ምርጫው አይጎዳም።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣው የዘወትር አንባቢ
አዲስ አበባ