እምነት የሌለው ሰው ባዶ ነው ወይ?

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ባለፈው እትማችሁ «እምነት የሌለው ሰው የሚኖርለት ነገር የለውም» የሚል ጽሑፍ አንብቤ ዝም ማለት አቃተኝ። እኔ ራሴ ጾሜን የምጾም፣ ቤተ ክርስቲያን የምስም ሰው ነኝ። ይሄ አባባል ግን አልተዋጠልኝም።

እዚህ ጅማ፣ የሰፈራችን እድር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ያለበት ነው። ጸሐፊያችን መስጊድም ቤተ ክርስቲያንም ሲገቡ አይቼ አላውቅም፤ ሲጠየቁ «እሱን ለኔ ተዉልኝ» ብለው ይስቃሉ። ለቅሶ ሲኖር ግን በውድቅት ሌሊትም ቢሆን የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ይዘው ቀድመው የሚደርሱት እሳቸው ናቸው፤ ድንኳኑ እስኪተከል፣ አግዳሚው ተቆጥሮ እስኪወጣ፣ ብርጭቆው መዝገብ ላይ እስኪሰፍር ንቅንቅ አይሉም። (ብርጭቆ የጠፋ ዕለት ደግሞ አያድርስ ነው።) ታዲያ እኚህን ሰው ነው ባዶ የምንላቸው?

ቪክቶር ፍራንክል የሚባል የቪየና የአእምሮ ሐኪም ነበር። አይሁዳዊ ነው፤ ከናዚ ማጎሪያ ካምፖች ተርፎ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1945 ነጻ ወጣ። ሰው ትርጉም የሚያገኘው በሚሠራው ሥራ፣ በሚወደው ሰው፣ ማምለጥ ያልቻለውን መከራ በሚቀበልበት መንገድ ነው ይል ነበር። ይሄ ለሚያምንም ለማያምንም ይሠራል።

እናቴን ስቀብር ያቆመኝ እምነቴ ነው፣ እሱን ማንም አይነጥቀኝም። ግን ያን ጊዜ ድንኳኑ ውስጥ አብረውኝ ካመሹት መካከል እኚሁ ጸሐፊ ነበሩበት።

ጸሐፊያችሁ ስለማያምኑ ሰዎች በድጋሚ ከመጻፉ በፊት አንዱን እንኳ ቁጭ ብሎ ቢያናግር ጥሩ ነው። ጅማ ከመጣ ቡናው በኔ ነው።

አንባቢያችሁ፣ ከጅማ