የኮምፒውተር ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ የጋራ ኮምፒውተርን ከሰላይ ሶፍትዌርና ከአድዌር መጠበቅ

የኮምፒውተር ክበባችን በሁለቱ መንፈቀ ዓመታት ያከናወነውን ሥራ ለመጽሔቱ አንባቢዎች ከማቅረቤ በፊት፣ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ደጋግሞ ለሚቀርብልኝ ጥያቄ መልስ መስጠት ይኖርብኛል። ጥያቄው «እነዚያ ልጆች ከትምህርት ሰዓት በኋላ ላብራቶሪ ውስጥ ተከተው የሚያመሹት ምን ሊሠሩ ነው?» የሚል ሲሆን፣ «መቼም ጠለፋ አታስተምራቸውም» የሚል ቀልድ ሳይከተለው አይቀርም። ቀልዱን በፈገግታ አልፌዋለሁ። ልጆቹ ዓመቱን ሙሉ የደከሙት ግን ወላጅ፣ ታላቅና ታናሽ በየተራ የሚቀመጡበትን የቤት ኮምፒውተር ከሰላይ ሶፍትዌርና ከአድዌር (ሳንፈልገው ማስታወቂያ ከሚያመጣብን ፕሮግራም) ለመጠበቅ ነው።

ርእሱን የመረጡት አባላቱ ራሳቸው ናቸው። በመጀመሪያው ስብሰባ ስለ ቤታቸው ኮምፒውተር እንዲናገሩ ሲጠየቁ አቤቱታቸው ተመሳሳይ ሆኖ ተገኘ። ብሮውዘሩ ሲከፈት ማንም ያልመረጠው የመፈለጊያ ገጽ ይመጣል፤ በስክሪኑ ጥግ «ኮምፒውተርዎ በቫይረስ ተጠቅቷል» የሚል ማስታወቂያ ብቅ ጥልቅ ይላል፤ ማሽኑም ከዕለት ወደ ዕለት ይንቀራፈፋል። ከሁሉም በላይ የከነከናቸው ግን ጥፋተኛው ሁልጊዜ የቤቱ ታናሽ መሆኑ ነበር። «ጌም ጭኖ ነው» ይባልና ነገሩ በዚያው ይዘጋል። ስለዚህ ክበቡ የመጀመሪያ ደንቡን በዚያው ዕለት አጸደቀ፦ «ማን አመጣው?» አይባልም፤ «በየት ገባ?» ይባላል።

የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ሳምንታዊ ስብሰባዎች ዝርዝር በክበቡ መዝገብ ስላለ እዚህ አልደግመውም። ፍሬ ነገሩ፣ አድዌር አብዛኛውን ጊዜ በር ሰብሮ የሚገባ ሌባ ሳይሆን ከተጋበዘ እንግዳ ጋር ተደርቦ የሚገባ ያልተጠራ ሰው መሆኑ ነው። ነፃ ፕሮግራም ስንጭን ሳናነብ «ቀጥል፣ ቀጥል» ስለምንል፣ አስቀድሞ ምልክት የተደረገበት ሣጥን ይዞት ይገባል። አንዳንዴ ትልቁ አረንጓዴ «ዳውንሎድ» የሚለው ምልክት ራሱ ማስታወቂያ ነው፤ የምንፈልገው ፋይል ከሥሩ በትንሽ ጽሑፍ ተቀምጧል። «ሮቦት አለመሆንዎን ለማረጋገጥ ፍቀድ የሚለውን ይጫኑ» የሚለው ገጽም የሚያረጋግጠው ነገር የለም፤ የሚፈልገው ማስታወቂያ ወደ ስክሪናችን የመላክ ፈቃድ ነው። ይህኛው በምንም አንቲቫይረስ ላይገኝ ይችላል፤ ምክንያቱም የተጫነ ፕሮግራም የለም፣ ያለው በብሮውዘሩ ቅንብር ውስጥ የሰጠነው ፈቃድ ብቻ ነው፤ የሚወገደውም ፈቃዱን እዚያው በመሰረዝ ነው። ሰላይ ሶፍትዌር ደግሞ በተቃራኒው አይታይም። የምንጽፈውን ፊደል በፊደል ይመዘግባል፣ ብሮውዘሩ ያስቀመጣቸውን የይለፍ ቃሎች ይለቅማል፣ የስክሪኑን ምስል ያነሳል። ማስታወቂያው ጠፋ ማለት ኮምፒውተሩ ጸዳ ማለት እንዳልሆነ ልጆቹን ለማሳመን ብዙ ክርክር ጠይቋል።

በዚያ ሰሞን አንድ የስድስተኛ ክፍል አባል «እንግዲያው ከካርቶኑ የወጣ አዲስ ኮምፒውተር ንጹሕ ነው ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀ፤ እኔም የሌኖቮን ታሪክ ነገርኳቸው። ኩባንያው በ2014 እና በ2015 እ.ኤ.አ. በሸጣቸው አንዳንድ ላፕቶፖች ላይ ሱፐርፊሽ የተባለ የማስታወቂያ ፕሮግራም ከፋብሪካው ተጭኖ ይመጣ ነበር። ፕሮግራሙ በተመሰጠሩ ድረ ገጾች ላይ ሳይቀር ማስታወቂያ ለመለጠፍ የራሱን የደኅንነት ሰርተፍኬት (ብሮውዘሩ አንድ ድረ ገጽ እውነተኛ መሆኑን የሚያረጋግጥበትን ዲጂታል ማስረጃ) ይተክል ነበር፤ የሰርተፍኬቱ ቁልፍ በሁሉም ማሽኖች ላይ አንድ ዓይነት በመሆኑም፣ ቁልፉን ያገኘ ሌላ ሰው የባንክ ገጽ መስሎ መቅረብ ይችል ነበር። ነገሩ በፌብሩዋሪ 2015 ይፋ ወጣ። «የሚጠቃው ግድ የለሽ ሰው ብቻ ነው» የሚለውን አስተሳሰብ ከክፍሉ ያስወጣልኝ ይህ ታሪክ ነው።

በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ቤተሰቦች ኮምፒውተራቸውን ይዘው የሚመጡበትን የቅዳሜ ፕሮግራም አዘጋጀን። (ኢንተርኔቱ የተጋራው ከእኔ ስልክ እንደነበር፣ ስለ ላብራቶሪው መስመር ጉዳይ ለሚመለከተው አካል በዚህ አጋጣሚ አስታውሳለሁ።) ከመጡት መካከል የአንዲት የሰባተኛ ክፍል አባላችን አባት ይገኙበታል፤ የዴስክቶፑን ሲፒዩ ታቅፈው፣ ትንሹን ልጃቸውን ከኋላ አስከትለው ነበር የገቡት። ገና ሳይቀመጡ «ይኸው፣ ያበላሸው እሱ ነው፤ እንዳይነካ ከልክየዋለሁ» አሉን። ልጁ ከበሩ አጠገብ ቆሞ ቀረ።

እኅቱ ሥራዋን በሥርዓቱ ጀመረች። የማታውቃቸውን ፕሮግራሞች ከዝርዝሩ አወጣች፤ ከዊንዶውስ ጋር በሚመጣው አንቲቫይረስ፣ በዊንዶውስ ዲፌንደር፣ አስፈተሸች፤ ምንም የለም ተባለ። ብሮውዘሩን ስትከፍት ያው ገጽ መጣ። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው ተስፋ ይቆርጣል። እሷ ግን የብሮውዘሩን ሾርትከት በቀኝ ክሊክ ከፍታ፣ የሚያስጀምረውን ፋይል የሚያሳየውን መስመር እስከ ጫፉ ድረስ በጣቷ እየተከተለች አነበበች። ከፋይሉ ስም ቀጥሎ፣ ከጥቅስ ምልክቱ ውጭ፣ የዚያ ገጽ አድራሻ ተቀጥሏል። አጠፋችው፤ ገጹም ቀረ።

አባት ግን አልተደሰቱም። «ይህማ ነገ ይመለሳል፤ ብሮውዘሩን ስንቴ አጥፍቼ እንደ አዲስ ጫንኩት!» አሉ። ልጅቷ ትንሽ አሰበችና «አባዬ፣ እንደ አዲስ ከጫንከው በኋላ መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ?» ብላ ጠየቀች። «በኢሜይሌ እገባለሃ!» አሏት። እንዲገቡ ጠየቀቻቸው፤ የይለፍ ቃላቸውን ሲጽፉ ፊቷን ዞር አደረገች። ከዚያም የኤክስቴንሽን ገጹን፣ ማለትም በብሮውዘሩ ላይ የሚጨመሩ ትንንሽ ፕሮግራሞች የሚዘረዘሩበትን፣ ከፍታ ጠበቀች። ጥቂት ቆይቶ፣ ማንም ሳይነካው፣ አንድ የሰነድ መቀየሪያ ኤክስቴንሽን በዝርዝሩ ላይ ተመልሶ ቁጭ አለ። የተቀመጠው በኮምፒውተሩ ላይ ብቻ ሳይሆን በአባትየው አካውንት ላይ ነበር፤ ወደ አካውንቱ በተገባ ቁጥር በማመሳሰያው (በአካውንቱ ላይ የተቀመጠውን ወደ ብሮውዘሩ በሚያመጣው አገልግሎት) በኩል ይወርዳል።

ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔም ልጅቷ ምን ትል ይሆን ብዬ ተጨነቅሁ። እሷ ግን በደብተሯ ላይ «መግቢያ፦ የብሮውዘር ማመሳሰያ» ብላ ጻፈችና፣ ማመሳሰያው እንደበራ ኤክስቴንሽኑን ብናጠፋው ከአካውንቱም አብሮ እንደሚጠፋ ብቻ አስረዳች። የማንን ስም አልጠራችም። አባት ስክሪኑን ሲመለከቱ ቆዩና፣ ወደ በሩ ዞረው «ና፣ አንተም ቁጭ ብለህ እይ» ብለው ወንበራቸውን ለትንሹ ልጅ ለቀቁለት። በክበብ አስተባባሪነት ዘመኔ ይህን የመሰለ ጨዋነት አላየሁም።

ከዚያ በኋላ የተሠራው ሥራ ለማንኛውም የጋራ ኮምፒውተር የምንመክረው ነው። ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል የየራሱ አካውንት ተከፈተ፤ ፕሮግራም ለመጫን ብቻ የሚያገለግለው የአድሚኒስትሬተር አካውንት በወላጆች እጅ ሆነ፤ የወላጆቹም የዕለት አካውንት ቢሆን መደበኛ ተደረገ። በመደበኛ አካውንት ውስጥም የሚጫን አድዌር አለ፤ ጉዳቱ ግን በአብዛኛው በዚያ ተጠቃሚ ማህደር ተወስኖ ይቀራል። የማይፈለጉ ፕሮግራሞችን የሚያግደው የዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ ቅንብር እንዲበራ ተደረገ። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ዲፌንደር ሙሉ አንቲቫይረስ ስለሆነ፣ ሁለትና ሦስት አንቲቫይረስ መደራረብ ማሽኑን ከማንቀራፈፍ ያለፈ ፋይዳ እንደሌለውም አስረዳን። ሰላይ ሶፍትዌር አለ ብሎ የሚጠረጥር ሰው የይለፍ ቃሎቹን መቀየር ያለበት ከሌላ ንጹሕ መሣሪያ ነው፤ በዚያው ኮምፒውተር ከቀየራቸው አዲሶቹንም ለሰላዩ ያስረክባል።

አንዳንድ ወላጆች ልጆቻቸውን በድብቅ የሚከታተል ፕሮግራም እንድንጭንላቸው ጠይቀውን ነበር፤ ክበቡ አልተቀበለም። እንዲህ ያለው ፕሮግራም የቤተሰቡን መረጃ ወደማያውቁት ሰርቨር ሊልክ ይችላል፤ አሠራሩም ዓመቱን ሙሉ ስንነቅለው ከቆየነው የተለየ አይደለም። ልጁ እያወቀ የሚሠራው የዊንዶውስ የቤተሰብ ቁጥጥር ግን እንዳለ አሳይተናቸዋል። በዚህ ያልተስማሙ ወላጆች አሉ፤ አቋማችን ግን ያው ነው።

ያልተሳካም አለ። ፈተና ሲቃረብ የአባላት ቁጥር ቀነሰ። ልጆቹ ያዘጋጁት መመሪያ የማተሚያ ቀለም በማለቁ ከአንድ ቅጂ አላለፈም። ለታችኛው ክፍል ተማሪዎች የታሰበው ትምህርትም ክፍል አጥቶ ቀረ። ከዚህ የከፋው ግን ሌላ ነው፦ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. አብቅቷል፤ የላብራቶሪያችን ማሽኖች በሙሉ የሚሠሩት በእሱ ነው፤ አብዛኞቹም ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀውን አቅም አያሟሉም። ለወላጆች «ዝመናው ያልተቋረጠ ሲስተም ተጠቀሙ» የሚሉ ልጆች፣ ዝመናው በተቋረጠ ማሽን ላይ እየተለማመዱ ነው። የወላጆች ኮሚቴ ሊያሟላልን የምንጠይቀው ሊሻሻሉ የሚችሉ ጥቂት ኮምፒውተሮችን፣ የቤተሰቦችን ፋይል ከጽዳት በፊት የምናስቀምጥበት አንድ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ፣ የመመሪያውን ኅትመትና የላብራቶሪውን የቅዳሜ ቁልፍ ነው።

የቅዳሜው ፕሮግራም በመጪው ዓመትም ይቀጥላል። ኮምፒውተር ይዘው የሚመጡ ቤተሰቦች አስፈላጊ ፋይሎቻቸውን አስቀድመው በሌላ ቦታ ቢገለብጡ፣ ማሽኑን የሚጠቀሙትም ሁሉ፣ ትንሹም ጭምር፣ አብረው ቢመጡ እንመርጣለን። አባሎቻችን የማንንም የይለፍ ቃል አይጠይቁም፤ ባለቤቱ ራሱ ይጽፋል።