«በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ሲባል የእኛ ተወካይ ምን ብሎ ነበር?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ጋዜጣችሁ የአማራ ክልል ምክር ቤትን ጉባኤ በዘገበ ቁጥር ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው አነባለሁ። የሚያበሳጨኝ ግን ሁልጊዜ ያችው አንዲት ዐረፍተ ነገር ናት፦ «ምክር ቤቱ ረቂቅ አዋጁን በሙሉ ድምፅ አጽድቋል»። አንዳንዴ ደግሞ «በአንድ ተቃውሞና በሁለት ድምፀ ተአቅቦ» ትላላችሁ። ይኼ አንዱ ተቃዋሚ ማን ነው? ከየትኛው የምርጫ ክልል መጣ? የእኔ ተወካይ ከሆነ እኮ ሄጄ እጁን እጨብጠው ነበር። ወይም ምን ነካህ ብዬ እጠይቀው ነበር።

የምኖረው ከባሕር ዳር ከተማ ዳር፣ ዘንዘልማ ነው፤ ከዓባይ ማዶ፣ በጎንደር መውጫ። 380 ሜትሩ አዲሱ ድልድይ በግንቦት 2016 ሲመረቅ ከከተማው ጋር ተቀራረብን፤ የመሬት ዋጋም አብሮን ተሻገረ። ከመምህርነት ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሥራዬ፣ ሥራ ከተባለ፣ የጎረቤት ማመልከቻ መጻፍ ነው። የካሳ፣ የምትክ ቦታ፣ የካርታ፣ የቆጣሪ። አብዛኛው ከመሬት አይወጣም። የማንጎው ማሳ ላይ ችካል ሲተከል ባለቤቱ የይዞታ ደብተሩን በፌስታል ጠቅልሎ ወደ እኔ ይመጣል።

ከነዚህ አንዱ፣ አያ ብዬ የምጠራቸው አዛውንት ጎረቤቴ፣ ማመልከቻቸው መልስ ሲያጣ «እንግዲያው ለመረጥነው ሰው ጻፊልኝ» አሉኝ። «ለክቡር» ብዬ ጀመርኩና እዚያው ቆምኩ። ለማን? የፌዴራሉ ቢሆን ይሻል ነበር። ዶክተር ደሳለኝ ጫኔ በ2013 የባሕር ዳርን ወንበር በአማራ ብሔራዊ ንቅናቄ (አብን) ስም አሸንፈው ከገቡ በኋላ በፓርላማ ሲናገሩ በቴሌቪዥን ሰምተናቸዋል፤ ወደድነውም ጠላነውም ያሉትን እናውቃለን። በክልሉ ምክር ቤት የሚወክለንን ሰው ስም ግን ከጠየቅኋቸው ጎረቤቶች የነገረኝ የለም። ፓርቲውን ሁሉም ነገረኝ።

ጥፋቱ የተወካዩ ብቻ አይመስለኝም። ለዓመታት የመረጥነው የኢሕአዴግን ምልክት ንብን እንጂ ሰው አልነበረም። በ2002ም ሆነ በ2007 ከክልሉ ምክር ቤት 294 ወንበሮች 294ቱንም አንድ ድርጅት ሲወስድ፣ ማን ምን አለ ብሎ የሚጠይቅ ከየት ይመጣል? ሰኔ 14 ቀን 2013 ንቧ ቀርታ የብልጽግና ፓርቲ ምልክት አምፖል መጣ፣ ሌሎች ፓርቲዎችም ተወዳደሩ። ሁለት ወረቀት ተሰጠን፤ አንዱ ለፌዴራል፣ አንዱ ለክልል። የመጀመሪያውን ሁሉም ያስታውሰዋል። ሁለተኛውን አጥፎ ሳጥን ውስጥ ከተተና ረሳው። ካሳና ምትክ ቦታ፣ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ግን አብዛኛው ነገሩ ያለው በዚያ በሁለተኛው ወረቀት ነው።

የዳር ሰው መሆናችንም ያባብሰዋል። ከተማ ናችሁ ሲሉን የገጠር ደብተር ይዘናል፤ ገጠር ነን ስንል የከተማ ፕላን ወጥቶብናል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 የሕዝብ ቆጠራ በየ10 ዓመቱ እንዲካሄድ፣ የምርጫ ክልል ወሰንም በውጤቱ ላይ ተመሥርቶ እንዲወሰን ያዝዛል። የመጨረሻው ቆጠራ ግን የ1999ኙ ነው። ያኔ ባሕር ዳር ከተማ 155,428 ነዋሪ ነበራት። ዛሬ ዘንዘልማን፣ መሸንቲን፣ ወራሚትን ዞሮ ላየ ሰው ይህ ቁጥር ሳቅ ያመጣበታል።

የተወካዬን ቃል ለምን እንደፈለግሁ በአያ ጉዳይ ላስረዳ። በቀድሞው አዋጅ 455/1997 በቋሚነት መሬቱን የሚለቅ ገበሬ የሚከፈለው የመፈናቀያ ካሳ የ5 ዓመት አማካይ ዓመታዊ ገቢው በ10 ተባዝቶ ነበር። አዋጅ 1161/2011 ይህን ቀይሮ ካለፉት 3 ዓመታት ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ በ15 ይባዛ አለ። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ በወረቀት ላይ ገበሬውን ጠቅሟል። ግን «ከፍተኛው ገቢ» የሚሰላው በየትኛው ወር የገበያ ዋጋ ነው? ማንጎ ሁሉም ማሳ ላይ አብሮ ሲደርስ ዋጋው የት እንደሚወርድ ሸጦ ያየ ያውቃል። ገበሬው የሸጠበትን ደረሰኝ ማን ሰጥቶት ያውቃል? «ይህ የፌዴራል አዋጅ ነው፣ እኛን አይመለከትም» የሚለኝ አይጠፋም። የክልሉን የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 252/2009 ያጸደቀው ግን ይኸው የክልሉ ምክር ቤት ነው፤ አስፈጻሚውን ጠርቶ መጠየቅም ሥልጣኑ ነው። የእኛ ሰው ጠይቆ ያውቃል? ጠይቆም ይሆናል። የት አንብቤ ልወቅለት?

ሴት ልጄ የምትኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ከዋሽንግተን ዳር፣ አገር ቤት የመሰለ ሰፈር ነው ይላሉ። የሜሪላንድ ምክር ቤት አናፖሊስ ላይ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ ሁለተኛ ረቡዕ ይከፈትና 90 ቀን ይቀመጣል። 47 የምርጫ ወረዳ አለ፤ ለእያንዳንዱ አንድ ሴናተርና ሦስት የታችኛው ምክር ቤት አባላት። ልጄ ስለ ቤት ኪራይ የቀረበ ሕግ አሳስቧት ስልኳን ከፍታ አሳየችኝ፤ የአባላቱ ስም ተደርድሯል፣ እገሌ ደገፈ፣ እገሌ ተቃወመ፣ እገሌ አልተገኘም። (ልጄ ራሷ ድምፅ ለመስጠት ሰንፋ መቅረቷን አልደብቅም፤ ተቆጥቻታለሁ።) እነሱ ሀብታም ናቸው፣ ከእነሱ ጋር አታወዳድሪን የሚለኝ ይኖራል። ቢሮና ደመወዙ ይቅር። ስም ለመዘርዘር የሚያስፈልገው ቀለምና ግማሽ ገጽ ነው።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተመራጭ ማንሳት እንደሚችል ይደነግጋል። ምን እንዳለ ባላወቅሁት ሰው ላይ እምነቴ እንዴት ይጠፋል? እንዴትስ ይጨምራል? ደግ ሠርቶም እንደሆነ ምስጋናው ቀርቶበታል።

ከነሐሴ 2015 ወዲህ በክልላችን ባለው ሁኔታ ተወካይ መራጩን አዳራሽ ሰብስቦ ማወያየት እንደሚከብደው አውቃለሁ፣ አልፈርድበትም። ለእናንተ መጻፌም ለዚሁ ነው። የሚቀጥለውን ጉባኤ ስትዘግቡ የተናገሩትን አባላት ስም ከነምርጫ ክልላቸው፣ ድምፁንም በስም አውጡልን። የዘንዘልማን መራጭ የሚወክለው ሰው ስለ ካሳ ስሌቱ ጠይቆ እንደሆነ የጠየቀውንና የተመለሰለትን ጻፉ። ካልጠየቀም «አልጠየቀም» ብላችሁ ጻፉ፤ የአያን ማመልከቻ እሱኑ ጠቅሼ እጀምረዋለሁ።

ጡረተኛ መምህርት፣ ከዘንዘልማ
(ስሜና አድራሻዬ ለዝግጅት ክፍሉ ተገልጿል)