ማሽኑ ላይ የሚቀረው ቁጥር
ለጤና ሚኒስቴርና ለኢትዮጵያ ቴክኖሎጂ ባለሥልጣን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህር ነኝ። አባቴ የልባቸው ደም ሥር በካቴተር (በደም ሥር ውስጥ በሚገፋ ቀጭን ቱቦ) ተከፍቶ ስቴንት (ደም ሥሩን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ የሽቦ ቱቦ) ከገባላቸው በኋላ ከሆስፒታሉ ሲወጡ የተሰጠንን ወረቀት ደጋግሜ አነበብኩት። የስቴንቱ ርዝመትና ስፋት በሚሊሜትር ተጽፏል። የሚውጧቸው ክኒኖች መጠን ተጽፏል። ሁለት ሰዓት ያህል በፈጀው ሕክምና ሰውነታቸው ስለተቀበለው ጨረራ ግን አንዲት ቃል የለም። የራጅ ባለሙያውን ብጠይቀው በትሕትና «ማሽኑ ላይ አለ» አለኝ።

እውነቱን ነው። የዛሬዎቹ የካት ላብ (የካቴተር ሕክምና ክፍል) ማሽኖች የሚለቁትን ጨረራ እየደመሩ በሚሊግሬይ ያሳያሉ፤ ግሬይ የጨረራ መጠን መለኪያ ነው፣ ሚሊግሬይ ደግሞ የእሱ አንድ ሺኛ። የጎደለው እስክሪብቶ አንስቶ መጻፍ ነው።

አባቴን ያዳኑትን ሐኪሞች ልከስ አልተነሣሁም። ያለ ጨረራ ካቴተሩ የት እንደደረሰ አይታይም። ነገር ግን አንድ ቦታ ላይ ያረፈው ጨረራ ከ2 ግሬይ ሲያልፍ ቆዳን ሊያቀላ፣ እጅግ ሲበዛም ሊያቆስል ይችላል። ክፋቱ መዘግየቱ ነው። ቁስሉ ከሳምንታት፣ አንዳንዴም ከወራት በኋላ፣ ብዙ ጊዜ ጨረራው በገባበት በጀርባ በኩል ይወጣል። አዲስ አበባ ታክሞ ደሴ ወይም ጎባ የተመለሰ ሰው ጀርባው ሲቀላ ማን ከልቡ ሕክምና ጋር ያያይዘዋል? አልማዝ ባለጭራ ነው ይባላል፤ ቅባት ይታዘዝለታል፤ ካልዳነም ጠበል ይሄዳል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ሐኪሞችን ስለዚህ ጉዳት ያስጠነቀቀው በ1994 በፈረንጆች አቆጣጠር ነበር። እዚያ 5 ግሬይ የደረሰ ታካሚ ተነግሮት ቆዳው ክትትል እንዲደረግለት ይመከራል።

መቀነሻው ደግሞ አብዛኛው ገንዘብ አይጠይቅም። ለተማሪዎቼ የማስተምረው የርቀት ሕግ እዚያም ይሠራል፤ አልጋውን ከጨረራው ምንጭ ማራቅ፣ ምስል ተቀባዩን ወደ ደረት ማስጠጋት ነው። በሰከንድ 15 ምስል ማንሳትን ወደ 7.5 ማውረድ ጨረራውን ወደ ግማሽ ይጠጋ ዘንድ ይቀንሰዋል። ለማስቀመጥ የሚቀረጸው ምስል ሳይቀረጽ በቀጥታ ከሚታየው አሥር እጥፍ ያህል ጨረራ ስለሚፈጅ የማያስፈልገውን መተው ይቻላል። ማዕዘኑን አልፎ አልፎ መቀየርም አንዱ የጀርባ ክፍል ብቻውን እንዳይመታ ያደርጋል። የልብ ቀዳዳቸው በካቴተር ለሚደፈንላቸው ሕጻናት ይህ ሁሉ እጥፍ ድርብ ያስፈልጋል፤ ገና ብዙ ዘመን ይኖራሉ፤ ካንሰር ደግሞ ቸኩሎ አይመጣም።

የምጠይቃችሁ አንድ መመሪያ ነው። እያንዳንዱ ካት ላብ ቁጥሩን በታካሚው መውጫ ወረቀት ላይ ይጻፍ፤ በዓመት አንድ ጊዜም ስም ሳይጠቅስ ወደ እናንተ ይላክ። ሌሎች አገሮች እንደሚያደርጉት፣ ከአራት ሆስፒታሎች የሦስቱ መካከለኛ ልክ የማያልፈው መጠን የአገር ማመሳከሪያ ይሁን። መቅጫ እንዳይሆን ግን አደራ። ወፍራም ታካሚና የተወሳሰበ ደም ሥር ብዙ ጨረራ ይወስዳሉ፤ ሐኪም ቅጣት ከፈራ ቁጥሩን መደበቅ ይጀምራል።

አባቴ በሚቀጥለው ወር ሁለተኛው ደም ሥራቸው እንዲከፈት ቀጠሮ አላቸው። ሐኪሙ ሌላ ነው፤ ሆስፒታሉም ሌላ። የመጀመሪያው ጨረራ ስንት ነበር ብሎ ቢጠይቀኝ የምነግረው ቁጥር የለኝም።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የፊዚክስ መምህር፣ ከደሴ